እየጠፋ ስለሚበራ የአውቶሞቢል የፊት መብራት

ስለ ቤተሰብ ደኅንነት በሚነገርበት ጊዜ ስለ ምግብ ንጽሕና፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ይጻፋል። ነገር ግን ቤተሰብ ዘወትር በቤቱ ውስጥ ብቻ አይኖርም። አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር፥ አንዳንድ ጊዜም አያት ጭምር፥ በአንድ አውቶሞቢል ተሰብስበው ረዥም መንገድ ይሄዳሉ። በዚያን ሰዓት ቤታቸው አውቶሞቢሉ ነው፤ የቤታቸውም መብራት ከፊት ያሉት ሁለት አምፖሎች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ስለ እነዚህ መብራቶች፥ ይልቁንም አንድ ጊዜ እየጠፉ አንድ ጊዜ እየበሩ ባለቤታቸውን ስለሚያታልሉበት ሕመም ጥቂት ቃል ለማቅረብ ወደድን።

ፈጽሞ የጠፋ መብራት ጉዳቱ ግልጽ ነው። ባለቤቱ አይቶ ያውቀዋል፤ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል፤ የተበላሸው ይለወጥና ነገሩ ያልቃል። እየጠፋ የሚበራው ግን እንደ ወባ ትኩሳት ነው። በሐኪም ፊት በቀረበ ጊዜ ይለቃል፤ ወደ ቤት በተመለሰ ጊዜ ይነሣል። በሽተኛው ዳንሁ ብሎ ሲደሰት ሕመሙ ከውስጥ ሆኖ ቀኑን ይጠብቃል።

ይህን የምንጽፈው ከሰው ሰምተን ብቻ አይደለም፤ በራሳችን ላይ ደርሶ ስላየነው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤተሰባችን ጋር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ሸዋ ሮቢት ላይ ጀንበር ጠለቀችብን። እዚያው ማደር ይገባን ነበር፤ ነገር ግን በማግሥቱ የሥራ ቀን ስለ ነበረ መሪ ጨብጠን መንገዱን ቀጠልን። ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማ በርን ዳገት ስንያያዝ ጉም ወረደ። ከዚህ በኋላ በግራ በኩል ያለው የፊት መብራታችን ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎም እንደ ሻማ ተንቀጠቀጠና ጠፋ።

በአገራችን የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ በኩል እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እንግዲህ የግራው መብራት ማለት ከፊት ለሚመጣው ሰው «የአውቶሞቢሌ ወርድ እስከዚህ ድረስ ነው» ብሎ የሚናገረው መብራት ነው። እርሱ ሲጠፋ ከዳር ያለው የቀኙ ብቻ ይታያል። ቁልቁል ይወርድ የነበረ አንድ የጭነት መኪናም ያን አንድ ብርሃን አይቶ ሞተር ቢስክሌት ዳሩን ይዞ የሚመጣ መሰለውና የመንገዱን መካከል ይዞ መጣብን። ክላክስ እየነፋን ወደ ዳር ሸሸን፤ እርሱም በመጨረሻው ሰዓት መሪውን መለሰ። በመካከላችን የቀረው ቦታ ከአንድ ክንድ አይበልጥም ነበር። ከኋላችን የተቀመጡት ልጆች እንቅልፍ ላይ ስለ ነበሩ ምንም አላወቁም።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያስቆፈሩትን ዋሻ አልፈን ወደ ደጋው ሜዳ ስንወጣ መብራቱ በገዛ ፈቃዱ ተመልሶ በራ። እኛም ደስ ብሎን፥ ምንም እንዳልሆነ ሰው፥ እስከ አዲስ አበባ ነዳን። ስሕተታችን የጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

በማግሥቱ ወደ አንድ ጋራዥ ሄድን። ሠራተኛው አበራው፤ በራ። አጠፋው፤ ጠፋ። «መብራቱ ደኅና ነው» አለን። ለማናቸውም ብሎ አምፖሉን ለወጠልን። በሳምንቱ እንደገና ጠፋ። ሁለተኛ ሄድን፤ ፊውዙ ተለወጠ። ሦስተኛም ሄድን፤ ሌላ አምፖል ተገዛ። በሄድንበት ጊዜ ሁሉ መብራቱ በሠራተኞቹ ፊት እንደ ፀሐይ እያበራ ውሸተኛ አሰኘን።

በመጨረሻ ነገሩን የፈቱት የቤታችን እመቤት ናቸው። የልጆቹን አንድ ባዶ ደብተር ወስደው በአውቶሞቢሉ ውስጥ አኖሩና «ከዛሬ ጀምሮ በጠፋ ቁጥር ይጻፍ» አሉን። ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የመንገዱ ዓይነት፥ ዝናብ መኖር አለመኖሩ፥ በዚያን ጊዜ ሌላ ምን እንደ በራና ምን እንደ ተነካ ሁሉ ይጻፍ ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት ጊዜ ተመዘገበ። ዝናብ የነበረው በአንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ በኮረኮንች መንገድ ላይ፥ ወይም ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ በበራ ጊዜ ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ በእመቤቲቱ እጅ የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች፦ «ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር የግራው መብራት አብሮ ይደበዝዛል።»

ደብተሩን ይዘን ብዙ ዘመን በሙያው ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ ሄድን። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና ሳቅ አሉ። «ጌታዬ፥ ሕመሙን ያገኙት እመቤቲቱ ናቸው። ለእኔ የቀረኝ ብሎን መፍታት ብቻ ነው» አሉን። ኮፈኑን ከፍተው በግራው ፓራፋንጎ ሥር እጃቸውን አግብተው አንዲት ጥቁር ሽቦ ነካ ቢያደርጉ መብራቱ ጠፋ፤ ለቀቅ ቢያደርጓት በራ። በዚያን ጊዜ ትዝ አለን፤ ያ ፓራፋንጎ ከጥቂት ወራት በፊት ተጋጭቶ ተቃንቶ ነበር፤ ቀለምም ተቀብቶ ነበር። ሽቦዋን መልሰው ሲያስሩ በአዲሱ ቀለም ላይ አስረዋት ኖሯል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። ሽቦዋ የያዘችው በብሎኑ ጥርስ ጫፍ ብቻ ነበር።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የኤሌክትሪክን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። የወንዝ ውሃ ከምንጩ ወጥቶ ይሄዳል እንጂ ወደ ምንጩ አይመለስም። ኤሌክትሪክ ግን መመለሻ ካላገኘ መሄድም አይችልም። ከባትሪው ይነሣል፤ በፊውዝና በማብሪያው፥ በብዙ አውቶሞቢሎችም ሪሌ በሚባለው ትንሽ መሣሪያ በኩል ያልፋል፤ አምፖሉን ያበራል፤ ከዚያም በአጭር ሽቦ ወደ አውቶሞቢሉ የብረት አካል ገብቶ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ብዙ ሰው መሄጃውን ይመረምራል፤ መመለሻውን ይረሳል። በእኛ የደረሰውም ይኸው ነው። ፍሬቻውና መብራቱ በአንዲት መመለሻ ሽቦ ይጠቀሙ ስለ ነበረ፥ መንገዲቱ በጠበበች ጊዜ ሁለቱ ይሻሙባት ነበር።

የጠበበ መንገድ ጉዳቱ ብዙ ነው። የ12 ቮልት አውቶሞቢል የተለመደ አምፖል በአጭሩ መብራት 55 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም ከ4 ተኩል አምፔር በላይ ነው። በአንድ የላላ መጋጠሚያ ላይ 1 ቮልት ቢጠፋ በዚያች የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ 5 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱ ደግሞ መንገዱን አጥብቦ ሙቀቱን ይጨምራል። ፕላስቲኩ ጠቁሮና ቀልጦ የሚገኘው ስለዚህ ነው። ብርሃኑም ከቮልቱ ይልቅ ፈጥኖ ይወድቃል፤ ቮልቱ ከአሥር እጅ አንዱን ቢያጣ ከብርሃኑ ሲሶ ያህሉ ይጎድላል። እንግዲህ የቢጫነት ምልክት ያሳየ መብራት ገና ሳይጠፋ እየተናገረ ነው ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ እ.ኤ.አ. በ1907 መጨረሻ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ በዓለም የነበሩት አውቶሞቢሎች በአብዛኛው የሚያበሩት በዘይት ወይም በአሴቲሊን ጋዝ ነበር። እንዲህ ያለው መብራት ሲጠፋ ምክንያቱ በዓይን ይታያል፤ ወይ ነፋስ ነው፥ ወይ ጋዙ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ማስነሻና መብራት ያለው አውቶሞቢል ካወጣ ወዲህ ግን ብርሃኑ በረታ፤ ሕመሙም ተሰወረ። ስለዚህ በዓይን የማይታየውን በጥያቄ መፈለግ ግድ ሆነ። ጥያቄዎቹም ሦስት ናቸው።

አንደኛው ጥያቄ፥ የሚጠፋው አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም? የሚል ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ሕመሙ ያለው በዚያው ጎን ነው፤ አምፖሉ፥ የአምፖሉ መቀመጫ፥ የዚያ ጎን ፊውዝ ወይም መመለሻ ሽቦው ይመርመር። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት የሚጠፉ ከሆነ ግን አምፖል መለወጥ ከንቱ ወጪ ነው፤ ሁለት አምፖሎች ተማክረው በአንድ ጊዜ አይሞቱምና። ሁለቱ በሚጋሩት ቦታ፥ ይኸውም በማብሪያው፥ በሪሌው ወይም በጋራ ሽቦው ላይ መፈለግ ይገባል። ከመብራቶቹ ጋር የዳሽቦርዱም ብርሃን ከደበዘዘ፥ ክላክሱም ከደከመ፥ ነገሩ የመብራት አይደለም። የባትሪው ማሰሪያዎች ላልተዋል ወይም ዝገዋል፤ አለዚያም ከባትሪው ወደ አካሉና ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ወይም ዲናሞው ታሟል።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ የሚጠፋው አጭሩ መብራት ነው ወይስ ረዥሙ? የሚል ነው። አጭሩ ጠፍቶ ረዥሙ ደኅና ሆኖ የሚበራ ከሆነ፥ ሁለቱም በአንድ አምፖል ውስጥ ባሉበት አውቶሞቢል መመለሻቸው አንድ ስለ ሆነ መመለሻው ደኅና ነው ማለት ይቻላል። ጥርጣሬው በአምፖሉ ክር፥ በመቀየሪያው ወይም በአጭሩ መብራት ሪሌ ላይ ይውደቅ።

ሦስተኛው ጥያቄ፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ መቼ ነው? የሚለው ነው። በኮረኮንች ላይ የሚጠፋ ከሆነ የላላ መጋጠሚያ ወይም የተሰበረ ሽቦ አለ። ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ከሆነ ውሃ የሚገባበት ቦታ አለ። ሞተሩ ሲፈጥን ብርሃኑ የሚጨምር፥ ሲዘገይ የሚቀንስ ከሆነ የዲናሞው ቺንጋ ላልቶ እንደ ሆነ ይታይ፤ ባትሪውና ዲናሞውም ይመዘኑ። ሌላ ነገር ሲበራ አብሮ የሚደበዝዝ ከሆነ፥ እንደ እኛው፥ መመለሻው ይመርመር። ለሩብ ሰዓት ወይም ለግማሽ ሰዓት ያህል በደኅና በርቶ ሁለቱ በአንድነት የሚጠፉና ጥቂት ቆይተው የሚመለሱ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ያለበት ነገር ነው። በአንዳንድ አውቶሞቢሎች፥ በተለይም በቀድሞዎቹ አሜሪካኖች፥ በማብሪያው ውስጥ ሲሞቅ የሚከፈት፥ ሲቀዘቅዝ የሚዘጋ መቁረጫ አለ። ከተፈቀደው በላይ ዋት ያለው አምፖል የተገባለት ወይም ሽቦው ከብረት ጋር የሚነካካ አውቶሞቢል ይህን መቁረጫ እያሞቀ መብራቱን ያጠፋዋል። በሌሎቹም አርጅቶ የሚሞቅ ሪሌ ወይም ማብሪያ ይህንኑ ይሠራል።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ሕመሙን በገዛ ግቢያችን ውስጥ መቀስቀስ ይቻላል፤ ይህም ቤተሰቡ በኅብረት የሚሠራው ሥራ ነው። ማታ ጨለማ ሲሆን አውቶሞቢሉ በግድግዳ ፊት ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ መብራቱ ይብራ። አንዱ ሰው ዓይኑን ከግድግዳው ብርሃን ላይ ሳያነሣ ይቀመጥ፤ ለዚህ ሥራ ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ትጉዎች ናቸው። ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ ከአምፖሉ መቀመጫ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ ሽቦዎቹን በየስንዝሩ በቀስታ ያንቀሳቅስ። ፊውዝ ሣጥኑን በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ ያድርግ፤ ማብሪያውንም ደጋግሞ ይነካካ። ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን በተንቀጠቀጠ ጊዜ ልጁ «ጠፋ!» ብሎ ይጩህ። በዚያን ጊዜ እጁ ያረፈበት ቦታ የሕመሙ ቦታ ወይም የቅርብ ጎረቤቱ ነው። መብራቱን ከግማሽ ሰዓት በላይ አለማብራት ይሻላል፤ ባትሪው ይደክማልና።

ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ አንድ ማታለያ እንዳለ ይወቅ። አምፖሉን አውጥቶ ሽቦውን ብቻ ቢለካ፥ ሽቦው በአንዲት ክር እንኳ ቢንጠለጠል 12 ቮልት ያሳያል፤ ሰውየውም ደኅና ነው ብሎ ያልፋል። ያች አንዲት ክር ግን ጭነት ሲመጣባት አትችለውም። ስለዚህ መለካት የሚገባው መብራቱ እየበራ ሳለ ነው። የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው የተቀናሽ ጎን፥ ሌላው ጫፍ በአምፖሉ መመለሻ ላይ ሲያርፍ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መመለሻው ታሟል። እንዲሁም ከባትሪው የተደማሪ ጎን እስከ አምፖሉ መግቢያ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ በመሄጃው ላይ የጠበበ ቦታ አለ። ከዚያ በኋላ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ እየተከፋፈለ ቢለካ ቮልቱ የሚጠፋባት ቦታ ራሷን ታጋልጣለች።

ፈውሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ሽማግሌው ለእኛ ያደረጉልን ይህን ብቻ ነው፦ አስቀድመው የባትሪውን የተቀናሽ ማሰሪያ ፈቱ። ብሎኑን አውጥተው በሥሩ ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። የሽቦውንም ጫፍ እንዲሁ አጽድተው አጥብቀው አሰሩት፤ ዝገት እንዳይመለስ ከላዩ ግራሶ ቀቡት። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሁለት አምፖል ገዝተናል፥ ሦስት ቀን ከሥራ ቀርተናል፥ በጣርማ በርም የቤተሰባችንን ሕይወት አስይዘናል።

አንባቢዎቻችን ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ በሽቦ መጠቅለል ወይም ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ማስገባት አውቶሞቢሉን ለእሳት መስጠት ነው፤ ፊውዙ ዘበኛ ነውና ዘበኛን ገድሎ ሌባን መያዝ አይቻልም። የሃሎጅን አምፖል መስታወት በባዶ ጣት አይነካ፤ ከጣት የሚቀረው ቅባት ሲሞቅ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። የበራና ገና የጠፋ አምፖልም እጅ ያቃጥላል። ሞተሩ እየሠራ እጅን ወደ ማራገቢያውና ወደ ቺንጋው ማቅረብ፥ ይልቁንም ነጠላ ወይም ረዥም እጅጌ ለብሶ፥ ፈጽሞ አይገባም። ዜኖን የሚባሉት መብራቶች ሲቀጣጠሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ስለሚያወጡ በቤት ውስጥ አይነኩ። ኤል ኢ ዲ መብራት ያላቸውና በኮምፒዩተር የሚታዘዙ አዳዲስ አውቶሞቢሎችም ለመፈታት ባለሙያና መሣሪያ ይሻሉ። ሆኖም ለእነርሱም ቢሆን ሦስቱ ጥያቄዎች አይለወጡም፤ የተመዘገበ ደብተር ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ከሄደው ይልቅ ፈጥኖ ይድናል።

በመንገድ ላይ ሳሉ መብራቱ ቢጠፋብዎ ፍሬን በድንገት አይርገጡ፤ ከኋላ የሚመጣ አለና። ፍጥነትዎን እየቀነሱ ረዥሙን መብራት ይሞክሩ፤ መንገዱ ሌላ ስለ ሆነ ሊበራ ይችላል። ሁለቱን ጎን ፍሬቻዎች በአንድነት አብርተው ከጠማማው መንገድ አልፈው ሰፊ ዳር ሲያገኙ ይቁሙ። ቤተሰቡን ከመንገዱ አርቀው ያስቀምጡ፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከኋላ ራቅ አድርገው ያኑሩ። አንዱ መብራት ብቻ ቢቀርም «ይበቃኛል» ብሎ መንገድ መቀጠል አይገባም፤ አንድ ዓይና አውቶሞቢል ራሱ ጥቂት ቢያይም ሌላው ሰው በትክክል አያየውምና። በአቅራቢያው ባለ ከተማ ማደር ለአንድ ሌሊት ወጪ ነው፤ ሌላው ወጪ ግን በገንዘብ አይቆጠርም።

በመጨረሻም ከሁሉ የምናሳስበው ነገር ይህ ነው። መብራቱ በገዛ ፈቃዱ ተመልሶ በበራ ጊዜ አንደሰት፤ በዚያን ጊዜ ደብተር እናውጣ። ያልተጠገነ ነገር በራሱ አይድንም፤ የሚያደርገው ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። በእኛ ቤት ያ የልጆች ደብተር እስከ ዛሬ ከዳሽቦርዱ ሣጥን አልወጣም። ባለፈው ክረምት በእርሱ ውስጥ «የቀኙ ኋላ መብራት ከእጥበት በኋላ ጠፋ፤ በማግሥቱ በራ» የሚል መስመር በልጃችን እጅ ተጽፎ አገኘን። ገና ማንም ሳያዘው አይቶ መጻፉ ነው። በማግሥቱ ከፍተን ብናይ በመብራቱ ቤት ውስጥ የቡና ስኒ ግማሽ የሚያህል ውሃ ተጠራቅሞ ነበር።